ወደ ቆላ ለሚወርድ መንገደኛ የሚስማማ ልብስ

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ አስተማሪው፣ የጤና ሠራተኛው፣ የቀን ሥራ ፈላጊው ሁሉ ይወርዳል። ሲነሣ ስለ ስንቁ ያስባል፤ ስለ ልብሱ ግን ብዙም አይጨነቅም። «ከሞቀኝ አወልቃለሁ፤ ሌላ ምን አለው!» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ለምሳሌ ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ አፋር የሚወስደውን መንገድ እንመልከት። የደሴ ከፍታ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። የአፋር ክልል ዋና ከተማ የሰመራ ከፍታ ግን 400 ሜትር አካባቢ ነው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በሐምሌ ደሴ ላይ ብርዱ ጋቢ ሲያስደርብ፣ ሰመራ ላይ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ጧት የለበሱት ካፖርት ከሰዓት በኋላ ሸክም ይሆናል።

ታዲያ መራቆት ይሻላል? አይሻልም። የሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከዚህ በላይ ሲሞቅ ሰውነትን የሚያበርደው ላብ ነው። ላብ ከቆዳ ላይ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የተራቆተ ገላ ግን ፀሐይ ያቃጥለዋል። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ፀሐይን ይከላከላል፤ ላብ ይመጣል፤ ነፋስም ያሳልፋል። ናይለን ላብ ስለማይመጥ ገላ ላይ ይለጠፋል፤ ያሳክካልም። ጠባብ ጂንስም ነፋስ አያስገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ የአገሩ ልማድ ነው። የአፋር ሕዝብ የእስልምና እምነት ተከታይ ነው፤ እንግዳ አክባሪ ነው። እንግዳውም ገላውን ሸፍኖ በሥርዓት እንዲቀርብ ይጠበቅበታል። ቁምጣ ታጥቆ ሽማግሌዎች ፊት መቆም ንቀት ይመስላል። ሕፃናት ሊከትብ የሄደ ሠራተኛ በአለባበሱ እናቶችን ካሳፈረ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ሊርቁት ይችላሉ። ያን ጊዜ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሙቀቱም ልማዱም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ልብስ ነው፤ ሰፊ፣ ረጅምና ቀላል። ቀላል ሲባል ግን ገላ የሚያሳይ ማለት አይደለም።

ወንድ ከሆነ እጅጌው ረጅም የሆነ የጥጥ ሸሚዝ ሁለት፣ ሰፊ ሱሪ ሁለት፣ ማታ ቤት ውስጥ የሚያገለድመው ሽርጥ አንድ ይበቃዋል። ሴት ከሆነች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊ ቀሚስና ሻሽ ትያዝ። ነጠላ ለሁለቱም ጥሩ ነው፤ ቀን ከፀሐይ ያስጥላል፣ ሌሊት አንሶላ ይሆናል። ጫማው ሶሉ ጠንካራ ይሁን፤ በአካባቢው የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ እሾኹ ስስ ሶል ይበሳል። ደግሞም ምንጣፍ ላይ ሲወጡ ስለሚወልቅ፣ ማሰሪያው የማያስቸግር ቢሆን ይመረጣል። ቆላ የወባ አገር ስለሆነ አጎበር አይረሳ፤ ረጅሙ እጅጌ ማታ ማታ ከትንኝም ይከላከላል። የጎደለ ነገር ካለ የባቲ የሰኞ ገበያ መንገድ ላይ ነው።

ልብስ ብቻውን ግን አያድንም። ውኃ ሳይጠማ ጀምሮ ቶሎ ቶሎ መጠጣት፣ በቀትርም ጥላ ሥር ማረፍ ያስፈልጋል። የመንገድ ጓደኛዎ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ገላው እንደ እሳት ከጋለና ንግግሩ ከተዘባረቀ ነገሩ አደገኛ ነው። ቶሎ ጥላ ውስጥ ያስገቡት፤ ልብሱን አላልተው ገላውን በውኃ ያርጥቡት፤ በነጠላዎ ያራግቡለት። ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።