በጣና ባሕር ላይ በጀልባ ዓሣ ስለ ማጥመድና ስለ ጀልባ አጠባበቅ

የአገር ሀብት በእርሻና በከብት ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ውሃም እንደ መሬት ሁሉ የሚታጨድ ፍሬ አለው። ልዩነቱ ግን፥ ገበሬ ዘሩን በገዛ እጁ ዘርቶ፥ ቡቃያውን በዓይኑ አይቶ፥ የሚያገኘውን አስቀድሞ ሲገምት፤ ዓሣ አጥማጅ ግን ያልዘራውንና የማያየውን የሚያጭድ መሆኑ ነው። ስለዚህ አጨዳው ከልክ ማለፉን የሚያውቀው መረቡ ባዶ ሆኖ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜም ነገሩ ካለፈ በኋላ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ሐይቅ ባለበት አገር ለሚሠሩ ሹማምንትና የግብርና ሠራተኞች፥ ይልቁንም በጣና ዙሪያ ላሉት፥ አጥማጁ በምን ዘዴ እንደሚያጠምድ፥ ጀልባውንም እንዴት እንደሚጠብቅ፥ እነርሱም በዚህ ነገር ምን ሊያስቡ እንደሚገባ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ስለ ሐይቁና ስለ ዓሣው

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ ላይ የሚገኝ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ጥቂት ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ወደ እርሱ ሲገቡ፥ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይም ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ራቀ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወረወራል። ከታች ያለው ዓሣ ይህን ገደል ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሊገባ ስለማይችል፥ የጣና ዓሣ ለብቻው ተለይቶ ኖሯል።

አጥማጆች የሚፈልጉት ዓሣ በሦስት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ቆሮሶ ነው፤ እርሱም በውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር እየበላ በዳር በዳር ይኖራል፥ እንስቲቱም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ሁለተኛው አምባዛ ነው፤ እርሱ በክረምት ውሃ ወደ ሞላው ሜዳ ወጥቶ ይራባል። ሦስተኛው ነጭ ዓሣ የሚባለው ነው፤ ይህም አንድ ሳይሆን ወደ 15 የሚሆኑ ዓይነቶች ያሉት ነገድ ሆኖ፥ ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ይህን ያህል የተለያየ የነጭ ዓሣ ወገን መገኘቱ በዓለም እንግዳ ነገር ስለሆነ፥ የሌላ አገር ሊቃውንት ሳይቀሩ እየመጡ መርምረውታል።

መንጠቆ እየጎተቱ ስለ ማጥመድ

ዓሣ የሚበላ ዓሣ የሚሸሸውን ያሳድዳል። መንጠቆን ከጀልባ ኋላ አስሮ እየጎተቱ ማጥመድ የተመሠረተው በዚህ ጠባይ ላይ ነው። በረጅም የናይሎን ክር ጫፍ ላይ ትንሽ ዓሣ ወይም ትንሽ ዓሣ የሚመስል ከብረት ወይም ከእንጨት የተሠራ ነገር ከነመንጠቆው ይታሰራል፤ ጀልባውም ከሰው እርምጃ ባልፈጠነ አካሄድ ይሄዳል። ክሩ ከጀልባው ከ20 እስከ 30 ሜትር ርቆ ቢከተል መልካም ነው፤ ቅርብ ከሆነ ዓሣው በሞተሩ ወይም በመቅዘፊያው ድምፅ ይደነግጣልና።

የዚህ ሥራ ብልሃቱ ጥልቀትን ማወቅ ነው። ጀልባው ሲዘገይ መንጠቆው ይወርዳል፥ ሲፈጥን ይወጣል። በክሩ ላይ እርሳስ ቢጨመር የበለጠ ይወርዳል። ጣና ጥልቀቱ ጥቂት ስለሆነ ከመጠን በላይ እርሳስ ያሰረ ሰው ጭቃና ድንጋይ እያጠመደ ይውላል። ጀልባው ወደ አንድ ወገን በዞረ ጊዜ ከውጭ በኩል ያለው ክር ይፈጥናል፥ ከውስጥ በኩል ያለው ይዘገያል። እንግዲህ ዓሣው ሲዞሩ በውስጠኛው ክር ላይ ደጋግሞ የሚያዝ እንደ ሆነ፥ አጥማጁ አካሄዱ ፈጥኖ እንደ ነበረ አውቆ ይዘግይ፤ በውጭኛው የሚያዝ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ይፍጠን። በዚህ ዘዴ ቆሮሶ አይገኝም፤ ምግቡ ሌላ ነውና።

መንጠቆ አንድ አንዱን ስለሚይዝ፥ ትንሹንም ሳይጎዱ መልሶ ለመልቀቅ ስለሚመች፥ ለሐይቁ የሚያመጣው ጉዳት ጥቂት ነው። መረብ ግን ብዙ ያስገኛል፥ ብዙም ያጠፋል። በጣና የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ ገባ። አስቀድሞ በታንኳ ከዳር የማይርቀው አጥማጅ ያን ጊዜ ሐይቁን ሁሉ ለመድረስ ቻለ፥ ገበያውም ሰፋ። ነገር ግን ሊቃውንት በ1991 እና በ2001 መካከል የተገኘውን መዝነው ባመዛዘኑ ጊዜ፥ በአንድ መረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ ከመቶ 75 ያህል ቀንሶ ተገኘ።

የዚህም ዋና ምክንያት ቦታውና ጊዜው ነው። ነጭ ዓሣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣል፤ ከመውጣቱም በፊት በወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባል። በዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የብዙ ቀን ምርኮ ያገኛል፤ ነገር ግን የሚያወጣው እንቁላል የተሸከመችውን እናት ስለሆነ፥ የሚቀጥሉትን ዓመታት ዘር ከጎተራ አውጥቶ እንደሚበላ ገበሬ ነው። የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ በውሃ የሚበትንም እንዲሁ ነው፤ መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይምና።

የተጎዳ ሐይቅ ግን ሊያገግም እንደሚችል የሌላ አገር ምሳሌ ያሳያል። በሰሜን አሜሪካ በኤሪ ሐይቅ ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ ሕዝቡ ከላይ በተነገረው ዘዴ መንጠቆ እየጎተተ ያጠምደዋል። ይህ ዓሣ በብዛት በመጠመዱ እየተመናመነ ሳለ፥ በ1970 በሥጋው ውስጥ ሜርኩሪ የሚባል መርዝ ስለ ተገኘ በሐይቁ ምዕራብ በኩል ለንግድ ማጥመድ ተዘጋ። ከ1976 ጀምሮም በየዓመቱ የሚወጣው ልክ ተወሰነ። ዓሣው ተመልሶ በዛ፤ ሐይቁም በዚሁ ዓሣ ስሙ የሚጠራ ሆነ።

ስለ ደንገል ታንኳ

በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት መጓጓዣ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው። በዚህ ጥበብ የነገደ ወይጦ ሰዎች የታወቁ ናቸው፤ ሥራቸውም ሊከበርና ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ቶር ሄየርዳል የሚባለው የኖርዌይ ሰው በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር ያሠራት «ራ» የተባለችው መርከብ ከጣና በተቆረጠ ደንገል የታሰረች ነበረች። እርስዋ ውሃ ጠጥታ ኋላዋ ስለ ተበተነ ከመንገድ ቀረች፤ በ1970 የተሠራችው ሁለተኛይቱ ግን ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች።

ታንኳን የሚያጠፋው ውሃ መጠጣት ነው። ስለዚህ ደንገሉ ከመታሰሩ በፊት አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ቢጫ እስኪሆን ድረስ በፀሐይ ይድረቅ። ማሰሪያውም እጅግ ይጥበቅ፤ የላላ እስር ውሃ ያስገባልና። ታንኳው ከሥራ በተመለሰ ጊዜ በውሃ ላይ ታስሮ አይደር፤ ወደ ዳር ወጥቶ በዛፍ ወይም በግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፥ የጠጣውም ይንጠፍጠፍ። ሁለት ታንኳ ያለው ሰው አንዱን እያደረቀ በሌላው ቢሠራ ሁለቱም ይቆዩለታል። ተንጠፍጥፎም ጭነት ሳይጫንበት ዝቅ ብሎ የሚንሳፈፍ ታንኳ ዕድሜው አልቋልና ሰው አይሳፈርበት።

ስለ እንጨት ጀልባና ስለ ሞተር

የእንጨት ጀልባ ጠላቱ ፀሐይና ውሃ እየተፈራረቁ መምጣታቸው ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፥ በሳንቃዎቹም መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ከውሃ የወጣ ጀልባ በጥላ ይቀመጥ፤ ክፍተቱም በቃጫ ተጠቅጥቆ በቅጥራን ይደፈን። የብረት ጀልባ ዝገቱ ተፍቆ ቀለም ይቀባ። የፋይበርግላስ ጀልባም ስንጥቁ ትንሽ ሳለ ይጠገን፤ በስንጥቅ የገባ ውሃ ከውስጥ ያለውን ያበላሻልና።

ሞተር ያለው ሰው የሚከተለውን ይጠብቅ። ዘይትና ቤንዚን ተደባልቆ የሚሠራበት ሞተር ከሆነ፥ ልኩ በአምራቹ መጽሐፍ እንደ ተጻፈው ይሁን፤ በግምት መደባለቅ ሞተሩን ያቃጥላል። ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ማቀዝቀዣው ውሃ በጎን በኩል መፍሰሱ ይታይ፤ ካልፈሰሰ ወዲያው ይጥፋ። የማርሹ ዘይት በየጊዜው ተፈትሾ ወተት የመሰለ ሆኖ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታልና ማሸጊያው ይለወጥ። ትርፍ ካንዴላ፥ የፕሮፔለር ካስማ፥ ውሃ መቅጃ፥ እንዲሁም ሁለት መቅዘፊያ ከጀልባው አይታጡ።

በጣና ላይ በ2011 መኖሩ የታወቀው እምቦጭ የሚባለው አረም ለሞተር ሌላ ጠላት ሆኗል። ሥሩ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፥ የማቀዝቀዣውንም ውሃ መግቢያ ይዘጋል። ስለዚህ አረሙ በሚታይበት ስፍራ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ ማለፍ ይገባል። ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላ የሚወሰድ ጀልባና መረብም ሁሉ ታጥቦና ደርቆ ይሂድ፤ ከእምቦጭ የተቆረጠች ቅንጣት ብቻዋን ትበቅላለች፥ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያልና።

ስለ ነፋስ

በጣና ላይ ማለዳ ውሃው ጸጥ ይላል፥ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል። ሐይቁ ሰፊና ጥልቀቱ ጥቂት ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ይህም ለትንሽ ጀልባ ከረጅም ማዕበል ይልቅ ክፉ ነው። ስለዚህ አጥማጅ ሌሊት ሳይነጋ ወጥቶ ከቀትር በፊት ይመለስ። ነፋስ ቢደርስበት የጀልባውን ፊት ወደ ማዕበሉ ያዙር እንጂ ጎኑን አይስጥ፥ ከባዱንም ዕቃ ወደ ወለሉ ዝቅ ያድርግ። ጀልባው ቢገለበጥ ዳሩ ቅርብ መስሎት ትቶት አይዋኝ፤ ጀልባውን ይዞ ይቆይ፤ ተንሳፋፊውን የሚፈልግ ሰው ከብቸኛ ዋናተኛ ይልቅ ጀልባን ቶሎ ያያልና። የመንሳፈፊያ ሰደርያ መልበስም እንደ ፍርሃት አይቆጠር።

ሹማምንት ሊያስቡት የሚገባ

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ከልክሏል። አዋጅ ግን የሚጸናው በውሃው ዳር የሚገኝ ሹም ሲያስፈጽመው ነው። ስለዚህ፤

1ኛ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዞች አፍና በወንዞች ውስጥ መረብ እንዳይዘረጋ አጥማጆች ራሳቸው በማኅበራቸው እንዲጠብቁ ማስተማርና ማገዝ።

2ኛ፤ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው በጠጠር ላይ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ስለሆነ፥ አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ሲወጣ፥ ውሃም ለመስኖ ሲጠለፍ ይህ እንዲታሰብ ማድረግ።

3ኛ፤ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ በገበያ እንዳይሸጥ መቆጣጠር፤ በውሃ ላይ ከማሳደድ በሱቅ መከልከል ይቀላልና።

4ኛ፤ ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ ለእርሻ ሁሉ እንዳይገባ መጠበቅ፤ ደንገል ቢጠፋ ታንኳው፥ የታንኳው ጥበብና የትናንሽ ዓሣዎች መጠለያ አብረው ይጠፋሉና።

5ኛ፤ በጾም ወራት የዓሣ ፍላጎት ስለሚበዛ፥ ዓሣው እንዳይበላሽ ወዲያው ሆዱ ተከፍቶ እንዲጸዳ፥ በረዶ በሌለበትም ተሰንጥቆ እንዲደርቅ ማሳየት። ተበላሽቶ የሚጣለው ዓሣ ባይኖር፥ በዚያው ልክ ከሐይቁ የሚወጣው በቀነሰ ነበር።

6ኛ፤ ነጭ ዓሣ የሚራባበት ወራት ለአጥማጁ ቤተ ሰብ የችግር ወራት እንዳይሆን፥ በዚያ ጊዜ ጀልባና መረብ የሚጠገንበትን ሥራ፥ ቆሮሶም ከወንዝ አፍ ርቆ የሚጠመድበትን ስፍራ አስቀድሞ ከእነርሱ ጋር መማከር። መከልከል ብቻውን የተራበን ሰው አያቆመውም፤ የሚበላውን ያገኘ ሰው ግን የነገውን ዘር ለመጠበቅ ፈቃደኛ ይሆናል።