ያንን ቪዲዮ ለምን አነሳነው?

ሰሞኑን በኮሜንትም በስልክም እየደጋገማችሁ የጠየቃችሁን ጥያቄ አለ። በ2023 ኦገስት ስለ ግብረ ሰዶማውያን የሠራነው ቪዲዮ የት ገባ? ዩቲዩብ አጠፋው ወይ? ፈርታችሁ ነው? አንድ ወንድማችንማ «ስንት ከፈሏችሁ?» ብሎ ጽፎልናል። ከፍለውን ቢሆን የታክሲያችንን ትራንስሚሽን እናስቀይርበት ነበር። ማንም አላጠፋውም፣ ያነሳነው እኛው ነን። ምክንያቱን በቪዲዮ ለመናገር ሦስት ጊዜ ቀድተን ሦስቴም ሰረዝነው። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብለናል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የዚያን ክረምት ነገር ታስታውሳላችሁ። የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰድን ነው፣ ሕዝቡም ይጠቁመን አሉ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ የሰው ፎቶና ስም እያወጡ «ይሄ ነው፣ ያዙት» የሚሉ ቪዲዮዎች ተሰራጩ። ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው የመብት ተሟጋች ቡድን ኩባንያው ነገሩን እንዲያስቆም እስከ መጠየቅ ደረሰ። እኛም ወሬው ትኩስ ነው ብለን 14 ደቂቃ ሠራን። ዜናውን አነበብን፣ ቀለድን፣ ድምፃችንን አቅጥነን ሰው አስመሰልን። ከሠራናቸው ሁሉ ብዙ ሰው ያየው እሱ ሆነ። ከዚያ አንዱ ኮሜንት ላይ የአንድ ልጅ ስም፣ ሰፈሩንና የሚሠራበትን ቤት ጻፈ። ከሥሩ «ሙሉ አድራሻውን ላክልኝ» የሚሉ ተደረደሩ። ኮሜንቱን ያጠፋነው በሁለተኛው ቀን ነው። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያውም ቀን ዓይናችን አይቶት ነበር፤ ቁጥሩ እየጨመረ ስለነበር አልፈነው ሄድን።

ልጁ ምን ደረሰበት? እስከ ዛሬ አልሰማንም። ከዚያ ወዲህ ግን ሃርትስፊልድ ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ (እዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት መቀመጥ ብርቅ አይደለም) ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርን። ጥያቄያችን «ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው አይደለም። እሱን ለየሃይማኖታችሁ አባቶች እንተወዋለን፤ እኛ ሰባኪ አይደለንም። ግን እስቲ አስቡት። ውሽማ መያዝም ኃጢአት ነው። በሐሰት መማልም፣ አራጣ ማበደርም እንደዚያው። ሁላችንም በሚስቱ ላይ የሚወሰልት አንድ ጓደኛ አናጣም። እንቀልድበታለን፣ ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ማኅበር ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ስሙንና ሰፈሩን ኢንተርኔት ላይ ለጥፎ «ያዙት» ያለ ሰው ግን አላየንም። ታዲያ ከኃጢአቱ በላይ ያለችው ያቺ ትርፍ ቁጣ ከየት መጣች?

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። «ግብረ ሰዶም» ስንል ገና አፋችንን ሳንዘጋ ከተማ እየነደደ ነው። በሰዶም ታሪክ ውስጥ ደግሞ የሚቃጠለው አንድ ሰው አይደለም፤ ከተማው በሙሉ ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ በሩን ዘግቶ የሚያደርገው ነገር የእኔም ጉዳይ ይሆናል፣ መዓቱ ለእኔም ይተርፋላ! በሌላው ኃጢአት እንዲህ አንፈራም። ወስላታው ጓደኛችን የሚያፈርሰው የራሱን ትዳር ነው እንላለን። ይሄኛው አገር ያፈርሳል ብለን እናምናለን።

ፍርሃት ደግሞ የሚበረታው ሰው ሌላ ጭንቀት ሲኖርበት ነው። የዚያው ኦገስት 4 ቀን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ዘመድ ሞተ ተረፈ አይታወቅም፣ እኛ እዚህ አትላንታ መሪ ጨብጠን ስልክ ስንደውል «አይገኙም» ይለናል። ምንም ማድረግ አንችልም ነበር። ጦርነት ማስቆም አልቻልንም፤ በአንድ ልጅ ላይ መሳቅ ግን ቻልን። የሥነ ልቦና ሰዎች የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የሚያስጨንቀውን መድረስ ያቃተው ሰው በቅርቡ ያለውን፣ ደካማውንና መልሶ የማይመታውን ይፈልጋል። ያ ቪዲዮ ያን ያህል የታየው በዚያ ሳምንት መሆኑ አሁን ሲገባን አፍረናል።

ሌላም አለ። አብዛኞቻችን ስለ ግብረ ሰዶማውያን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው እንዴት ነው? ጋዜጣ ወይም ሬዲዮ ላይ፣ የተደፈረ ትንሽ ወንድ ልጅ ታሪክ ሆኖ ነው። አእምሮ ስለ አንድ ወገን የሚያውቀው አንድ ታሪክ ብቻ ከሆነ ያን ታሪክ የሁሉም መልክ ያደርገዋል። አንድ ሀበሻ ሹፌር መንገድ አዙሮ ያስከፈላት ተሳፋሪ ከዚያ በኋላ እኛን ስታይ ቦርሳዋን ትጨብጣለች፤ ስንቶቻችን ደርሶብናል! የአገራችን የወንጀል ሕግ እንኳ ሁለቱን አይቀላቅልም። በ2004 የወጣው ሕግ በአዋቂዎች መካከል ያለውን በአንቀጽ 629 ይከለክላል፤ በልጆች ላይ የሚፈጸመውን ለብቻው በአንቀጽ 631 ይቀጣል። ልጅ የሚደፍር ማንም ይሁን ማን እኛም አንምረውም። ግን ሴት ልጅ ስትደፈር «ሴት የሚወዱ ወንዶች በሙሉ አውሬ ናቸው» አንልም፣ አይደል?

መጸየፍስ? ብዙዎቻችሁ «ሳስበው ያቅለሸልሸኛል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ እንደ ማስረጃ። በ2009 ዮኤል ኢንባርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አለ፤ በጠቅላላው ነገር ቶሎ የሚጸየፉ ሰዎች፣ ማለትም የቆሸሸ ሽንት ቤት የሚዘገንናቸው፣ በግብረ ሰዶማውያን ላይም ፈራጅ ሆነው ተገኙ። ሆድ ሲገለበጥ አእምሮ «አጥፍቷል» ብሎ ይተረጉመዋል። ሆድ ግን ዳኛ አይደለም። ጥሬ ክትፎ ስንበላ ያየ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባ ፊቱን ሲያዞር አይታችሁ የለ? እኛ አሳማ ሲጠበስ ሲሸተን እንደዚያው ነን። ማናችንም በዚህ ምክንያት ሰው ይታሰር አላልንም።

ከሁሉ ጠለቅ ያለው ግን የወንድነት ነገር ይመስለናል። አገር ቤት ወንድ ከወንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሄዳል፤ ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ ሽማግሌውም። ማንም ዞር ብሎ አያይም። እኛ አትላንታ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት ክላርክስተን አንድ ሱቅ በር ላይ የአብሮ አደጋችንን እጅ ይዘን ስንሄድ መንጭቆ አስለቀቀን። «እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም፣ ሌላ ይመስላቸዋል» አለን። ከዚያ በኋላ የወንድ እጅ ይዘን አናውቅም። ለቅሶ ላይ እንኳ የጀርባ መታ መታ ብቻ! አያችሁ፣ ፍርሃቱ እነሱን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ እኛንም ይጠብቀናል። ወንድነት በየቀኑ ለሰው መታየት ያለበት ነገር ከሆነ ደግሞ ማሳያው ርካሽ መንገድ ሴት ሴት የሚለውን ልጅ ማሾፍ ነው። እኛም ድምፃችንን አቅጥነን የቀለድነው ለዚህ ነበር፤ ለጓደኞቻችን «እኛ እንደዚያ አይደለንም» ለማለት። ማን ጠየቀን?

እዚህ ላይ ፌስቡክ ላይ የሚዞር ወሬ አለ፤ «የሚጠላ ሁሉ ራሱ ነው» የሚል። መነሻው እዚሁ ጎረቤታችን አቴንስ ነው። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ አዳምስና ሁለት ባልደረቦቹ በ1996 ያሳተሙት ጥናት ነው። 64 ወንዶች ነበሩ፣ 35ቱ ግብረ ሰዶማውያንን አጥብቀው የሚጠሉ፣ 29ኙ የማይጠሉ። ፊልም እያሳዩ የሰውነታቸውን ምላሽ በመሣሪያ ሲለኩ የወንድና የወንድ ፊልሙ ሰውነታቸውን የቀሰቀሰው የሚጠሉት ሆኑ። ይገርማል። ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ድንጋጤና ጭንቀትም ሰውነትን ሊቀሰቅስ ይችላል ብለው አስጠንቅቀዋል፣ በ64 ሰውም ዓለም አይመዘንም። እኛ ይሄንን ክርክር አንወደውም። ሌላ ስድብ ነው፤ ጥፋቱን መልሶ እነሱው ላይ ይጥላል። የእኛ ጥላቻ ግን ተራ ነገር ነው፣ ፍርሃትና ወሬ።

«በሽታ ነው» ለምትሉ ባጭሩ፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ከበሽታ ዝርዝራቸው አውጥተውታል። «ፈረንጅ ያመጣው ነው» ለምትሉ ደግሞ፣ ያን ክረምት ሲታደኑ የነበሩት ልጆች ቦሌ ኤርፖርትን ተሻግረው የማያውቁ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው።

አሁን እኛን በጣም የነካንን ታሪክ እንንገራችሁ፤ በየቀኑ በምንነዳባት በዚህች ከተማ የሆነ ነው። በ1982 ኦገስት አንድ ፖሊስ ጊዜው ያለፈበት የእስር ወረቀት ይዞ ማይክል ሃርድዊክ የሚባል የመጠጥ ቤት ሠራተኛ ቤት ገባ። ወረቀቱ መንገድ ላይ ቢራ ይዘሃል ከሚል ቅጣት የመጣ ነበር። መኝታ ክፍሉ ከሌላ ወንድ ጋር አገኘውና ሁለቱንም አሰረ። የያኔው የጆርጂያ ሕግ ከ1 እስከ 20 ዓመት ያሳስራል። ዐቃቤ ሕግ ክሱን አልገፋበትም፤ ሃርድዊክ ግን ሕጉን ራሱን ከሰሰ። ዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1986 በ5 ለ4 ተረታ። ሚዛኑን የደፉት ዳኛ ሉዊስ ፓውል ናቸው፤ መጀመሪያ ለሃርድዊክ ሰጥተው የነበረውን ድምፅ ቀይረው ማለት ነው። ጉዳዩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ከረዳቶቻቸው አንዱን ጠርተው፣ እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ አንድም አጋጥሞኝ አያውቅም አሉት። ረዳቱ ራሱ ግብረ ሰዶማዊ ነበር። ቢሯቸው ውስጥ ቆሞ፣ ፋይላቸውን ይዞ፣ አልነገራቸውም። ፓውል ጡረታ ከወጡ በኋላ በ1990 ሳልሳሳት አልቀርም ብለዋል። የጆርጂያው ሕግ የተሻረው ግን በ1998 ነው፣ በራሷ በጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት።

ይህን ስናነብ ፒው የተባለው የአሜሪካ ጥናት ተቋም በ2007 ያወጣው ቁጥር ትዝ አለን። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተጠየቁት 100 ሰዎች 97ቱ ኅብረተሰቡ ግብረ ሰዶማዊነትን መቀበል የለበትም ብለዋል። ከነዚህ ውስጥ ስንቶቹ እንደ ፓውል ናቸው? ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ስለ ጭፍን ጥላቻ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰው የሚጠላውን ወገን በእኩልነት ሲቀርበው ጥላቻው ይቀንሳል ብሏል። ግሪጎሪ ሄሬክ የተባለው ተመራማሪ በግብረ ሰዶማውያን ላይ ሲፈትሸው፣ ከሁሉ የበለጠ ሰውን የሚለውጠው ወሬ መስማት ሳይሆን የቅርብ ሰው ራሱ ሲነግረው መሆኑን አገኘ። እኛ ዘንድ ማን ይናገራል? አዲስ አበባ ያሉት እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ነው የሚባባሉት፣ አላፊው እንዳይገባው። ስለሚጠሉ ይደበቃሉ፣ ስለሚደበቁ አናውቃቸውም፣ ስለማናውቃቸው ወሬውን እናምናለን።

ቪዲዮውን ያነሳነው ግን በማንበብ አይደለም። ባለፈው ወር ከኤርፖርት ወደ ስቶን ማውንቴን አንዲት እናት አሳፍረን ነበር። ሀበሻ መሆናችንን ሲያውቁ ጨዋታ ጀመሩ፤ ስለ ልጆች ሲነሳ ዝም አሉ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ ነገሩን። ልጃቸው ከሁለት ዓመት በፊት ወጥ ቤት ቆመው ሳለ ነገራቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም» አሉት። ለዘመድ ሥራ አግኝቶ ሲያትል ሄዷል ብለዋል። የት እንዳለ ግን አያውቁም።

«ሲነግርዎ መጀመሪያ ምን ተሰማዎት?» ብለን ጠየቅን። ምን እንደነካን እንጃ፣ ተሳፋሪ እንዲህ አይጠየቅም።

«መጀመሪያማ እንዴት ከስቷል ነው ያልኩት በሆዴ» አሉ። «ቁጣው የመጣው ስልኬ ሲጮህ ነው። እህቴ ነበረች። ምን ትለኛለች፣ የማኅበሩ ሰው ምን ይለኛል ስል ነው ያ ቃል ካፌ የወጣው።»

ቤታቸው በር ላይ ሻንጣቸውን ስናወርድ «አንተስ ከታክሲ ሌላ ምን ትሠራለህ ልጄ?» አሉን። የቻናላችንን ስም ነገርናቸው።

«ውይ፣ አውቃችኋለሁ» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሳፈላ የሚከፍትልኝ እሱ ነበር።»

መታወቂያ እንደጠየቁን ሰው ቆመን ቀረን። ሂሳቡን ከፈሉ፣ ጉርሻም ጨመሩ፣ ገቡ። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን ቪዲዮውን ስንት ሰው እንዳየው ተመለከትንና አጠፋነው።