አልጋና ቻርጅ፦ በአሰላ በኩል ወደ ባሌ ተራሮች

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። መንገዱን ቀድሞ የጠረገው እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር የፈቀደው ማበረታቻ ሲሆን፣ መኪኖቹ ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆነው፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታተው የሚገቡት ያለ ጉምሩክ ቀረጥ፣ በከፊል የተገጣጠሙት በ5 በመቶ፣ ተገጣጥመው ያለቁት ደግሞ በ15 በመቶ ቀረጥ እንዲገቡ ተደርጓል። ማበረታቻው ግን ለመኪናው እንጂ ለመንገዱ አልነበረም፤ በመሆኑም በከተማው ውስጥ ያለ ሐሳብ የሚመላለሰው ባለመኪና ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መሄድ ሲያምረው፣ ወይ የነዳጅ መኪና ይከራያል፣ ወይ ጉዞውን ይተዋል።

በአዳማና በአሰላ አድርጎ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወደሚገኝበት ዲንሾ የሚያደርሰው መንገድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የባትሪ አቅም የሚለካው በኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይኸውም አንድ ኪሎ ዋት የሚስብ ዕቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚፈጀው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። መካከለኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል ተብሎ ቢሰላ፣ መሄጃው ብቻ 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። የትንንሾቹ መኪኖች ባትሪ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ሲሆን፣ ትልልቆቹም ቢሆኑ ዳገቱ ሲጨመርበት ይህ ነው የሚባል መጠባበቂያ አይተርፋቸውም። ሰውና ጓዝ ጨምሮ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ከመደበኛው ፍጆታ በላይ ስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል፤ ከአዋሽ ሸለቆ ተነስቶ 2,430 ሜትር ላይ ወዳለችው አሰላ፣ ከዚያም በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ የሚወጣ አሽከርካሪ የባትሪው መቶኛ ከጠበቀው ቀድሞ ሲወርድ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር እየሠራ ከወጣው ከፊሉን ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም። እንግዲህ ከመዲናዪቱ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አሰላ ለዚህ ጉዞ ጥሩ አዳር ናት።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው መንገዱ ራሱ የኤሌክትሪክ መንገድ መሆኑ ነው። ተጓዡ አዳማ ሳይደርስ በስተቀኙ የሚተወው የቆቃ ግድብ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በአዳማ ዙሪያ 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ቆመዋል። ከአዳማ ወደ አሰላ ሲወጣ ደግሞ ኢተያ አካባቢ 29 ተርባይኖች ያሉትና 100 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ይገኛል፤ ከዶዶላ ወዲያም ዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተገነባው 153 ሜጋ ዋት አቅም ያለው መልካ ዋከና አለ። ሆኖም ማመንጨትና ማከፋፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ከማስተላለፉ ጋር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይዘውታል። በከፍተኛ ቮልቴጅ በከተማው ራስ ላይ የሚያልፈው ኃይል ለከተማው የሚጠቅመው፣ ትራንስፎርመር ዝቅ አድርጎት ቆጣሪ ድረስ ሲደርስ ብቻ ነው።

አሰላ አዲስ ነገር ሲመጣባት ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጪላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ማዕከሉን በዚህችው ከተማ አድርጎ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያስገባ ብድሩንና ገበያውንም አብሮ ለገበሬው ስላቀረበ ምርቱ ጨምሯል፤ ዳሩ ግን እርሻው አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ አፈናቅለዋል። አዲስ ቴክኖሎጂ የሚሰምረው አገልግሎቱ አብሮት ሲመጣ እንደሆነ፣ ጥቅሙም ሳይታሰብበት ለሁሉም እኩል እንደማይደርስ አርሲ ቀድማ አይታለች።

የአሰላ አዳር ለባትሪው ሲባል ብቻ የሚከፈል ዕዳም አይደለም። ከከተማዋ በላይ ጪላሎ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ጪላሎ ጋላማን፣ ካካን፣ ሁንቆሎንና ከአዳማ በሚመጣው መንገድ ዳር ያለውን የዴራ ድልፈቃር ቆላ አንድ ላይ ያቅፋል። የደጋ አጋዘን በሳይንሱ ዓለም ስም ያገኘው እንኳ በአርሲ ነው፤ የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀውን እንስሳ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካሉ ተራሮች ገድሎ ናሙናውን ወደ አገሩ ከወሰደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ሪቻርድ ላይዴከር በአዳኙ ስም ሰይሞታል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሌዝሊ ብራውን ይህንኑ አጋዘን ፍለጋ ባሌን ማጥናቱ ለፓርኩ መመሥረት መንገድ ከፍቷል፤ ባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ የጎብኚው ፍላጎት እንደሚያድግ ይጠበቃል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው አሰላ ውስጥ በአንድ ፔንሲዮን ግቢ የተነሣ ተራ ሙግት ነው። እንግዳው ማራዘሚያ ገመድ በመስኮት አውጥቶ መኪናውን ሊሰካ ሲል ጥበቃው ከለከለው፤ ተጠርተው የመጡት ባለቤትም ለአልጋው እንጂ ለቻርጁ የሚጠሩት ዋጋ አልነበራቸውም። ሴትዮዋ ያቀረቡት ጥያቄ ግን ከብዙ ዐውደ ጥናት ይልቅ የነገሩን ሥር የነካ ነበር፤ መኪናው ስንት ምጣድ ይሆናል ሲሉ ጠየቁ። መልሱ ቀላል ነው። ባለ 16 አምፔር መስመር በ220 ቮልት ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ስለሚሰጥ፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ እንደተጣደ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሆናል፤ በአሥር ሰዓት ከሚያገኘው 35 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪው ሙቀትና ብክነት ሲቀነስለት 30 ያህል ይደርሰዋል፤ ይህም 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚርቀው ዲንሾ አይበቃም። ራሱን የቻለ ባለ 32 አምፔር መስመር ከተዘረጋ ግን ሁለት ምጣድ ሆኖ እስኪነጋ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሞላል። ሴትዮዋ ሁለት ምጣድ ሌሊት ቢጣድ ወጥ ቤታቸው እንደማይጎዳ፣ አሮጌው ሶኬት ቀልጦ ቤታቸው ቢቃጠል ግን ማን እንደሚጠየቅ ማወቅ እንደሚሹ ተናግረዋል። ሥጋታቸውም ትክክል ነው፤ ሶኬቱ፣ ሽቦውና ብሬከሩ ለዚህ ጭነት ካልተመረጡ፣ የመሬት ሽቦም ከሌለ አደጋ አለው።

የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን መመሪያ በአገር አቋራጭ መንገዶች ላይ ከ50 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የቻርጅ ጣቢያ እንዲኖር ይጠይቃል። ከአዳማ ወዲያ ይህ መቼ እንደሚፈጸም የተጠየቁ አንድ የዘርፉ ኃላፊ፣ ጉዳዩ ከባለድርሻ አካላት ጋር እየተሠራበት ነው ከማለት አልፈው መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም። ፈጣን ጣቢያ ባለ ሦስት ፌዝ መስመርና ብዙ ጊዜም የራሱን ትራንስፎርመር ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ከቻይና ገበያ የመጡት መኪኖች ጂቢ/ቲ የተባለውን፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ የተባለውን መሰኪያ ስለሚጠቀሙ አንዱ ጣቢያ ሌላውን ላያስተናግድ ይችላል። ከዲንሾ ወዲያም ስሌቱ ይቀጥላል። ከጎባ ተነስቶ በሳነቴ አምባ ወደ 4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ መውጣት ከፍታው ብቻ አሥር ኪሎ ዋት ሰዓት ያስከፍላል፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ የመታው ባትሪም ቻርጅ ቶሎ ስለማይቀበል፣ መኪናው ከመንገድ እንደገባ ገና በሙቀቱ መሰካት ይኖርበታል።

መንግሥት ጣቢያዎቹን ይተክል እንደሆነ ይተክላል፤ ይህን መንገድ ቀድሞ የሚከፍተው ግን አልጋ አከራዩ ነው። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በአሰላ፣ በዶዶላና በሮቤ ለሚገኙ ሆቴሎች የአቅም ማሻሻያ ጥያቄ ቅድሚያ ቢሰጥ፣ ባለሆቴሎቹም የተለየ መስመር ዘርግተው ቻርጁን በንባብ ቢያስከፍሉ፣ ሙግቱ ወደ ሒሳብ ይለወጣል። ተጓዡም አልጋ ሲይዝ ሙቅ ውኃ መኖሩን እንደሚጠይቅ ሁሉ ባለ 32 አምፔር መስመር መኖሩን ደውሎ ይጠይቅ፤ ጠያቂ ሲበዛ ባለሆቴሉ መስመሩን ይዘረጋል።