ሃያ ጭፍራ፦ በ«ሾገን 2» ጨዋታ ሠራዊት ስለማዋቀር

በእንግሊዝ አገር በሆርሻም ከተማ የሚገኘው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የተባለው ድርጅት ሠርቶት ሴጋ በ2011 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው «ቶታል ዋር፦ ሾገን 2» በኮምፒዩተር የሚጫወቱት የጦር ስልት ጨዋታ ሲሆን፣ ተጫዋቹን በ1545 እ.ኤ.አ. በጃፓን ምድር ለበላይነት ከሚፎካከሩት ቤቶች የአንዱ አለቃ አድርጎ ይጀምራል። ዘመኑ ጃፓናውያን ሴንጎኩ ብለው የሚጠሩት ነው፤ ከ1467 እስከ 1477 የተካሄደው የኦኒን ጦርነት ዋና ከተማዋን ኪዮቶን ካወደመ በኋላ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገር የሚገዛው የጦር አለቃ ማለትም የሾገኑ ሥልጣን ከስም የማያልፍ ሆኖ፣ ዳይምዮ የሚባሉት የየአውራጃው መሳፍንት ከመቶ ዓመት በላይ እርስ በርሳቸው ተዋግተዋል። ጨዋታው ሁለት ገጽ አለው። በአንደኛው ተጫዋቹ በካርታ ላይ እያንዳንዱ ተራ የዓመቱን አንድ ወቅት በሚወስድበት አካሄድ ግብር ይሰበስባል፣ ግንብ ይሠራል፣ ወታደር ይመለምላል፤ በሁለተኛው ደግሞ የመለመለውን ጦር በሜዳና በኮረብታ አሰልፎ ራሱ ያዋጋል። ሁለቱን ገጾች የሚያገናኛቸው የሠራዊቱ አወቃቀር ነው፤ በካርታው ላይ የተሠራ ስሕተት በሜዳው ላይ የሚታየውም በእርሱ በኩል ነው።

አንድ ሠራዊት፣ የአዝማቹን አጃቢ ጭምር፣ ከሃያ ጭፍራ ሊበልጥ አይችልም። ጭፍራ ሲባል አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዞ በአንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ የወታደሮች ምድብ ነው። ይህ ገደብ ባይኖር ኖሮ ብዙ ገንዘብ ያለው ሁሉንም ዓይነት አከማችቶ ይዘምት ነበር፤ ገደቡ ስላለ ግን አንድ የፈረሰኛ ጭፍራ መጨመር አንድ የቀስተኛ ጭፍራ መተው ይሆናል፣ ስለዚህም ጠንቃቃ ተጫዋች ከሁሉ አስቀድሞ የትኛውን ዓይነት ወታደር ሳይዝ መዋጋት እንደሚችል ይወስናል። የዘመኑ መሳፍንትም በዚህ ስሌት ይጨነቁ እንደነበር የሚያሳይ ሰነድ አለ። በምሥራቅ ጃፓን ኃያል የነበረው የሆጆ ቤት በ1559 የሎሌዎቹን ርስት ከነግምቱ የሚዘረዝር መዝገብ አዘጋጅቶ ነበር፤ ከዚህ ግምት እየተነሣም እያንዳንዱ ሎሌ ለዘመቻ ስንት ባለ ጦር፣ ስንት ፈረሰኛና ስንት ሰንደቅ ያዥ ይዞ መቅረብ እንዳለበት ይታዘዝ ነበር።

የጨዋታው ገንዘብ ኮኩ ይባላል። በታሪክ ኮኩ አንድን ሰው ለአንድ ዓመት ይመግባል ተብሎ የሚታሰብ የሩዝ ስፍር ሲሆን 180 ሊትር ያህል ይሆናል፤ የአንድ መስፍን ሀብትም በዚሁ ይለካ ነበር። ማንኛውም ጭፍራ ሁለት ዓይነት ወጪ ያስወጣል፦ አንዱ ሲመለመል የሚከፈለው ሲሆን ሌላው በየወቅቱ የሚቆረጥለት ቀለብ ነው። ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ብቻ አይተው ይመለምላሉ፤ መንግሥትን የሚያራቁተው ግን ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሥራ ፈትቶ በግንብ ውስጥ የተቀመጠ፣ ሳሙራይ የሚባለው ባላባት ተዋጊም እንደሚዋጋው ሁሉ ይቀለባል። በዚህ ምክንያት የጨዋታው እውነተኛ የጀርባ አጥንት በቀለም ያጌጠው ሳሙራይ ሳይሆን አሺጋሩ የሚባለው፣ ከገበሬው ወገን ተመልምሎ ቀላል ትጥቅ የለበሰው እግረኛ ነው። ባለ ጦሩ አሺጋሩ ዋጋው ትንሽ፣ ቀለቡ ቀላል፣ የሰው ብዛቱም ከአንድ የሳሙራይ ጭፍራ የሚበልጥ ነው፤ ጉድለቱ በወኔው ላይ ነው። ከጎኑ ወይም ከኋላው ሲመታ፣ ወይም አዝማቹ ሲወድቅ፣ ከሳሙራዩ ቀድሞ ሰልፉን ፈትቶ ይሸሻል።

ጨዋታው በዚህ ረገድ ለታሪኩ ታማኝ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የጃፓን ጦርነት ከጥቂት ባላባት ፈረሰኞች ግጥሚያ ወደ ብዙ ሺህ እግረኞች ግጭት የተለወጠው በአሺጋሩ ነው፤ ኋላ አገሪቱን አንድ ያደረገው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺም ከዚሁ ከዝቅተኛው ወገን እንደወጣ ይነገርለታል። ይኸው ሰው በ1588 ከገበሬው እጅ መሣሪያ እንዲሰበሰብ ማዘዙ፣ የታጠቀ ገበሬ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከራሱ ሕይወት በሚገባ ያውቅ ስለነበር ሊሆን ይችላል።

በሜዳው ላይ የመሣሪያዎቹ ግንኙነት በሦስት ማዕዘን ይታሰባል፦ ረጅም ጦር ፈረሰኛን ያቆማል፣ ጎራዴ ባለ ጦሩን ያሸንፋል፣ ፈረሰኛ ደግሞ ጎራዴ ያዡን ይረመርማል። ይህ ሕግ እውነት ቢሆንም ብቻውን ከተያዘ ያሳስታል፤ ምክንያቱም አሺጋሩ ጦሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚቆምበት «የጦር ግድግዳ» የሚባል አቋም አለው። በዚህ አቋም ላይ እያለ ከፊት ለፊት የሚመጣበትን፣ ከእርሱ እጅግ የሚወደደውን ጎራዴ ያዥ ሳሙራይ እንኳ ለረጅም ጊዜ መግታት፣ አንዳንዴም መስበር ይችላል። ዋጋ የሚያስከፍለው መንቀሳቀስ ሲያስፈልግ ነው፤ ግድግዳው እንደተገጠመ መራመዱ አዝጋሚ ነው፣ ጎኑም የተራቆተ ነው። ስለዚህ የጦር ግድግዳን የሚመርጥ ተጫዋች ከግራና ከቀኝ ጎኑን የሚጠብቁ ጭፍሮችን፣ እንዲሁም ጠላት ግድግዳው ላይ ተጠምዶ ሳለ ከኋላው የሚመታ ፈጣን ክንፍ አብሮ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። እዚህ ላይ ርካሹ ወታደር ውዱን ወታደር ይጠራዋል፤ ሁለት ወይም ሦስት የፈረሰኛ ጭፍሮች በስድስት የአሺጋሩ ጭፍሮች ከተሠራ ግንባር ጀርባ ሲቀመጡ፣ ለብቻቸው ከሚሠሩት ብዙ እጥፍ ይሠራሉ።

ቀስተኞች የሌሉት ሠራዊት ደግሞ የውጊያውን ቦታና ሰዓት ለመምረጥ ይቸገራል። ከሩቅ የሚወረወር ፍላጻ ጠላትን ከመግደሉ ባሻገር ጠላት ቆሞ መጠበቅ እንዳይችል ስለሚያደርገው፣ ቀስተኛ የበዛለት ወገን ሌላው ኮረብታውን ትቶ እንዲመጣበት ያስገድደዋል። ቀስተኛ ሳሙራይ ከቀስተኛ አሺጋሩ ይልቅ ዒላማ አይስትም፣ ጠላት ሲደርስበትም እጅ ለእጅ መዋጋት ያውቃል፤ በግንብ መከላከል ላይ ግን አሺጋሩ ቀስተኛ ከቅጥሩ ጀርባ ሆኖ ከዋጋው በላይ ያገለግላል።

ጨዋታው ከታሪክ የሚርቀው በጎራዴው ላይ ነው። ካታና የያዙ ሙሉ ጭፍሮች በጨዋታው የማጥቃት ዋና መሣሪያ ሆነው ይታያሉ፤ በእውነተኛው ዘመን ግን ቀስት፣ ጦርና በኋላም ጠመንጃ ቀዳሚዎቹ የጦር ሜዳ መሣሪያዎች ነበሩ፣ ጎራዴ ደግሞ እነርሱ ሲሰበሩ ወይም ትግሉ እጅግ ሲቀራረብ የሚመዘዝ ነበር። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ሦስት ማዕዘኑ እንዲሞላ ይመስላል፤ ምርጫው ለጨዋታነቱ ተገቢ ቢሆንም፣ ታሪኩን ከጨዋታው ብቻ ለሚማር ወጣት ይህ ልዩነት ሊነገረው ይገባል። ናጊናታ የሚባለውን፣ በረጅም እጀታ ላይ የተሰካ ቆልማማ ስለት የሚይዙት ሳሙራዮች በማንም ላይ ፍጹም የበላይነት ሳይኖራቸው ከሁሉም ጋር ይበቃቃሉ፤ ጠላቱ ምን ይዞ እንደሚመጣ ላላወቀ አዝማች ጥሩ ምርጫ ናቸው።

የትኛው ቅልቅል እንደሚሻል በከፊል የሚወስነው የተመረጠው ቤት ነው። የኦዳ ቤት አሺጋሩ የተሻሉና ቀለባቸውም የቀነሰ ነው፤ የታኬዳ ቤት በፈረሰኞቹ፣ የሺማዙ ቤት በጎራዴ ያዦቹ፣ የቾሶካቤ ቤት በቀስተኞቹ፣ የኡኤሱጊ ቤት ደግሞ በተዋጊ የቡድሃ መነኮሳቱ ይታወቃሉ። ነገር ግን የታኬዳ ተጫዋች ሃያውንም ቦታ በፈረሰኛ ቢሞላ፣ የመጀመሪያው የጦር ግድግዳ ፊት የቤቱ ክብር አያድነውም።

ታኬዳ ከተነሣ የጠመንጃው ጉዳይ ይከተላል። ጠመንጃ ወደ ጃፓን የገባው በ1543 ፖርቱጋላውያን ታኔጋሺማ ደሴት ላይ በደረሱ ጊዜ ሲሆን፣ ከ32 ዓመት በኋላ በ1575 ኦዳ ኖቡናጋና ቶኩጋዋ ኢኤያሱ በናጋሺኖ ከእንጨት አጥር ጀርባ ጠመንጃ ታጣቂዎችን አሰልፈው የታኬዳ ካትሱዮሪን ጦር ሰብረዋል። የጠመንጃዎቹ ቁጥር በልማድ 3,000 ቢባልም ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ይህን ቁጥር ይጠራጠሩታል። በጨዋታው ጠመንጃ የሚገኘው የባሩድን ጥበብ በማጥናት፣ ወይም ለአውሮፓውያን ነጋዴዎች ወደብ በመክፈት ነው፤ የኋለኛው መንገድ ክርስትናን አብሮ ስለሚያስገባ ነባር እምነቱን በያዘው ሕዝብ ዘንድ ሁከት ሊያስነሣ ይችላል። ጥይቱ ከቀስት ይልቅ አጭር ርቀት ይሄዳል፣ በወዳጅ ራስ ላይም አይተኮስም፤ ስለዚህ ባለ ጠመንጃው ከግንባሩ ፊት ወይም ከጎን መቆም አለበት፤ ይህም ጠላት ሲጠጋ በባለ ጦሮቹ ጀርባ የሚሸሸግበት ክፍተት ካልተተወለት በስተቀር ራሱን ለሞት ያጋልጣል። በትክክል የቆመ እንደሆነ ግን የሚገድለው ሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን ተኩሱ በጠላት ወኔ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ውጊያውን ያሳጥራል።

ግንብ የሚያጠቃ ሠራዊት ሌላ ሚዛን ይፈልጋል። ወታደሮች ቅጥሩን በእጃቸው እየቧጠጡ ስለሚወጡ አንዳንዶቹ ወድቀው ይሞታሉ፣ የቀሩትም ደክመው ይደርሳሉ፤ ጠባብ በሆነው ግቢ ውስጥ የጦር ግድግዳም ሆነ ፈረስ እምብዛም አይጠቅምም፤ እዚህ ጎራዴ ያዡና መነኩሴው ዋጋቸውን ያወጣሉ።

ተጫዋቹ እየገነነ ሲሄድ ሾገኑ የአገር ጠላት ብሎ ያውጅበታል፤ የቀድሞ ወዳጆቹ ሳይቀሩ ከየአቅጣጫው ይነሡበታል። እስከዚያ ድረስ አንድ ምርጥ ሠራዊት ብቻ የገነባ ሰው በዚህ ጊዜ በሦስት ግንባር ሊደርስ አይችልም። የተሻለው መንገድ አስቀድሞ ሁለት ዓይነት ጦር ማዘጋጀት ነው፦ ወደ ኪዮቶ የሚገሠግሰው በሳሙራይና በፈረሰኛ የከበደ ሲሆን፣ ከኋላ ያሉትን አውራጃዎች የሚጠብቀው ባለ ጦርና ቀስተኛ አሺጋሩ ብቻ ይሆናል። እነዚህ ጠባቂዎች ከውጊያ በተረፉ ቁጥር ልምድ ያካብታሉ፣ የጎደለው ቁጥራቸውም በራሳቸው ምድር ላይ እያሉ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ከብዙ ወቅት በኋላም ነባሮቹ አሺጋሩ አዲስ የተመለመለ ሳሙራይን ፊት ለፊት የሚቋቋሙበት ደረጃ ላይ ይደርሳሉ።