የወባ ትምህርትና የቤታችን በርሜል



በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የነበረውን የወባ ሥዕል የማያስታውስ ከመካከላችን ይኖር ይሆን? ረግረግ መሬት፣ ዳር ዳሩን ሣር፣ አካፋና ዶማ ይዘው ውሃውን የሚያፋስሱ ሰዎች፣ ከበላያቸው ደግሞ አንዲት ትልቅ ትንኝ። «ያቆረ ውሃ እናፋስስ» የሚለውን ቃል ሁላችንም በልጅነታችን በቃላችን ይዘነዋል።

ሥዕሉ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ለገጠሩ ሕዝባችን ትክክል ነው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ወባ የሚበረታው ዝናቡ በየሜዳው ትቶት በሚሄደው ውሃ ምክንያት መሆኑ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1958 ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ያለቀበት ያ ታላቅ ወረርሽኝ የብዙ ቤት ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024ም ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል። ታዲያ እኛን ያሳሰበን ሥዕሉ ስለማያሳያት ስለ ሌላዋ ትንኝ ነው።

ይህች ትንኝ በሳይንሳዊ ስሟ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። የቆየ አገሯ ደቡብ እስያና የዐረቡ ምድር ነው። በአፍሪካ ምድር መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ሲሆን፣ በአገራችን ደግሞ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ጠባይዋ ከምናውቃት የወባ ትንኝ ይለያል። ዝናብ አትጠብቅም፤ ረግረግም አትፈልግም። የምትፈለፈለው ሰው ለራሱ ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ነው። በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ፣ ሁሉም ይስማማታል። በመሆኑም ወባን «የቆላ ገጠር በሽታ» ብለን ስንጠራት ከኖርንባቸው ከተሞች ውስጥ ገባች ማለት ነው።

ድሬዳዋ ለዚህ ምስክር ናት። በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 205 ነበሩ። በ2022 ግን ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆኑ፤ ያውም ወረርሽኙ የተነሣው በበጋ፣ ውሃ በሚጠፋበት ወቅት ነው። ተመራማሪዎች ባደረጉት ምርመራ ወረርሽኙ ከዚህችው ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን አረጋግጠዋል። ነገሩ የሚገርም አይደለም። ውሃ ሲጠፋ ሰው ያጠራቅማል፤ ሰው ሲያጠራቅም ትንኟ ቤት ታገኛለች።

ለጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን አዲስ ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ እህቶች እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራው ከተጀመረ ወዲህ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ሥዕሎቹ እየተገለበጡ የሚታዩበትን ፍሊፕ ቻርት ይዘው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ነገር ግን ረግረጉን የሚያሳየውን ሥዕል በከተማ ለምትኖር እናት ቢያሳዩአት «እኛ ሰፈር ረግረግ የለም» ብላ እፎይ ትላለች። በጤና አስተማሪዎች ዘንድ የቆየ አንድ ጨዋታ አለ። ትንኟ ጎልታ እንድትታይ በትልቁ የተሳለችበትን ሥዕል ያየ ገበሬ «የኛዎቹስ ትንንሾች ናቸው፤ እንዲህ ያለ አውሬ አላየንም» አለ ይባላል። የሚያስቅ ይመስላል፤ ሆኖም ያ ሰው አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሥዕሉ የማንን ቤት እንደሚያሳይ ያላሰበው ወገን ነው።

በእኛ አስተያየት ለከተማው ቤተሰብ ከሁሉ የሚበልጠው የማስተማሪያ መሣሪያ አንድ ብርጭቆ ነው። ከቤቱ በርሜል ላይ በነጭ ኩባያ ውሃ ተቀድቶ ወደ ብርጭቆ ይገለበጣል። እጭ ካለበት ወዲያው ይታያል። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል፤ የተራዋ ቢምቢ እጭ ግን ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ይህን ልዩነት ሕፃናት ከትልልቆቹ ይልቅ ፈጥነው ይለዩታል። ብርጭቆው አፉ በስስ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ጥቂት ቀናት ቢቀመጥ ደግሞ ትንኟ ክንፍ አውጥታ ከጨርቁ ሥር ስትበር ቤተሰቡ በዓይኑ ያያል። (ጨርቁ ሳይፈታ በፊት እንድትሞት ማድረግ እንዳይዘነጋ!) «እናቴ፣ ይሄ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?» ብላ የጠየቀች የጤና ሠራተኛ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋትም።

ቀጥሎ የሚነገረው ግን መታሰብ አለበት። ቧንቧዋ በሳምንት አንዴ ለምትመጣላት እናት «ውሃውን ድፊው» ማለት ምክር አይሆንም፤ ኢስራፍም ነው። ያለውን ውሃ ጥቅጥቅ ባለ ንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ወደ ጀሪካን መገልበጥ፣ በርሜሉን አጥቦ እንደገና መሙላት፣ ከዚያም ትንኝ በማያስገባ ክዳን ወይም ጨርቅ መሸፈን ይቻላል። ዕቃን በሌሊት መሸፈን ከሱና የተማርነው ልማድ በመሆኑ ለኛ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ሊገለበጥ የማይችል ትልቅ ገንዳ ሲሆን እጭ ማጥፊያውን የሚጨምሩት የጤና ባለሙያዎች እንጂ ቤተሰቡ በራሱ መሆን የለበትም።

አጎበርም አይቀርም፤ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት። ሲታጠብ በጥላ ሥር ይሰጣ፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ያደክመዋልና። ትኩሳት የያዘው ሰው ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር።

ከቤታችን ቀጥሎ የምናስበው የመስጊዶቻችንን የውዱእ ውሃ ነው። ክዳኑ የተሰነጠቀ ሮቶ፣ አፉ የተከፈተ ገንዳ፣ በጓሮ የተረሳ በርሜል በብዙ ግቢ ይገኛል። ይህን መቃኘት ለመድረሳ ወጣቶች ቢሰጥ ነጭ ኩባያና የእጅ ባትሪ ይበቃቸዋል። ትንኟ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ስለሚፈጅባት፣ ፍተሻው ከጁምዓ ጁምዓ ካልተቋረጠ ሳትበር ይደረስባታል።