ሐና ብዙ፣ ኢያቄም ጥቂት

አዲስ አበባ ስትመጡ ልደታን ሳታልፉባት አትቀሩም። ፍርድ ቤቷ፣ የቀላል ባቡር ፌርማታዋ፣ አሮጌው መንደር ፈርሶ የቆሙት ኮንዶሚኒየሞቿ ከከተማው ሰው አፍ አይጠፉም። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት አውሮፕላን ይነሣና ያርፍ የነበረውም በዚሁ በልደታ ሜዳ ነበር። ስሟ ግን ከፍርድ ቤቱም ከባቡሩም ይቀድማል፤ የወጣላት ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ልደታ በግዕዝ «ልደቷ» ማለት ሲሆን የእመቤታችንን መወለድ ያመለክታል።

ልደት ካለ ወላጅ አለ። የእናቷን ስም አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሐና ነው። በምታውቋቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ስንት ሐና እንዳለች ቁጠሩ፤ አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ጣታችሁ አይበቃም። አሁን ደግሞ የአባቷን ስም የያዘ ሰው ፈልጉ። ስሙ ኢያቄም ነው። አንድ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ነገሩ የሚያስገርመው ኢያቄም የማይታወቅ ሰው ስላልሆነ ነው። ግንቦት 1፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሜይ 9፣ የማርያም ልደት ሲከበር ስሙ ከሐና ጋር በየቤተ ክርስቲያኑ ይነሣል። በሰፈሩ ደግሞ በዓሉ የደጅ በዓል ነው። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡናው ከቤት ወጥቶ ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ለምን ደጅ እንደሚወጣ እናቶችን ብትጠይቁ ማርያም የተወለደችው ሊባኖስ ተራራ ላይ፣ ከቤት ውጭ ስለሆነ ነው ይሏችኋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) 33 የማርያም በዓላት እንዲከበሩ ሲያዝዙ ልደታም ከእነዚያ አንዷ ነበረች። ወሩ በገባ በ1 ሁሉ ልደታ ናት፤ በ11 ደግሞ ሐና ወኢያቄም ይታሰባሉ። ስለዚህ ስሙ በየወሩ ይጠራል፤ ልጅ ግን ብዙም አይጠራበትም።

ስሙ ከወዴት መጣ? ሥሩ ዕብራይስጥ ነው። በዚያ ቋንቋ ዬሆያቂም ይባላል፤ ፊተኛው ክፍል የእግዚአብሔር ስም፣ ኋለኛው ደግሞ «ያቆማል፣ ያስነሣል» የሚል ግስ ነው። ይህን ግስ አማርኛ ተናጋሪ ያለ መዝገበ ቃላት ይደርስበታል፤ የዕብራይስጡ «ያቂም» እና የእኛ «ያቆማል» ከአንድ የሴም ሥር የወጡ ናቸውና። ስሙ ወደ ግዕዝ የገባው ግን በቀጥታ ሳይሆን በግሪክ በኩል ዞሮ ነው። ግሪኮች «ቀ» የምትባል ድምፅ ስለሌላቸው ኢዮአኪም አሉት። የጥንት ተርጓሚዎቻችን ደግሞ የግሪኩን «ከ» በ«ቀ» መጻፍ ልማዳቸው ነበር፤ ማርቆስን፣ ሉቃስን፣ ቆስጠንጢኖስን ተመልከቱ። በዚህ ልማድ ሰበብ ስሙ በግሪክ ያጣትን «ቀ» በግዕዝ መልሶ አገኛት።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በዚህ ስም በሰፊው የሚታወቀው ሰው ሌላ ነው፤ ዝናውም ጥሩ አይደለም። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮአቄም (ከ609–598 ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሠው) ሲወለድ ስሙ ኤልያቄም ነበር። የግብጹ ፈርዖን ኒካዑ አባቱን የተካውን ወንድሙን ሽሮ እሱን ሲያነግሠው ስሙንም ቀየረለት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ግን ያወጣው ፈርዖን ነው። ትርጉሙ ብዙም አልተለወጠም፤ «ኤል» የሚለው የአምላክ መጠሪያ በሌላ መጠሪያ ተተካ እንጂ ግሱ ያው ነው። ንጉሡ ከሁሉ በላይ የሚታወሰው በኤርምያስ መጽሐፍ ምዕራፍ 36 ነው። ባሮክ ከነቢዩ አፍ ተቀብሎ የጻፈው ክርታስ በፊቱ ሲነበብ፣ የተነበበውን እየቀደደ ከፊቱ ወደሚነድደው እሳት ጣለው። ለልጅ የሚመኙት አርአያ አይደለም። ስሙን ያነጹለት ሌሎች ናቸው፤ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሚካተቱት በዮዲትና በሶስና መጻሕፍት አንዱ ኢዮአቄም ሊቀ ካህናት፣ ሌላው የሶስና ባል ሆነው ይገኛሉ። የማርያም አባት ግን በየትኛውም ወንጌል በስም አልተጠቀሰም። ስሙ በመጀመሪያ የሚገኘው በሁለተኛው መቶ ዘመን በተጻፈው፣ በያዕቆብ ስም በሚጠራው የማርያም ልደት ታሪክ ውስጥ ነው። በዚያ ታሪክ ኢያቄም ባለጸጋና ለጋስ ሰው ነው። ልጅ ስለሌለው መባውን ማስቀደም ይከለከላል፤ ኀፍረቱን ይዞ ወደ በረሃ ይሄዳል፤ 40 ቀንና ሌሊት ይጾማል። የእኛ ትውፊት ደግሞ ሁለቱም ሐምሌ 30 ሕልም እንዳዩ፣ ማርያም ነሐሴ 7 እንደተፀነሰች ይተርካል። ነሐሴ 7 ዛሬም ጽንሰታ ተብሎ ይከበራል።

ከእኛ ይልቅ በዚህ ስም የተከበባችሁት ውጭ ያደጋችሁት እናንተ ሳትሆኑ አትቀሩም። ስፓኒሽ ተናጋሪው የክፍል ጓደኛችሁ ሆአኪን ኢያቄም ነው። የስዊድኑና የኖርዌዩ ዮአኪም፣ የፖርቱጋሉ ዦአኪም፣ የሩሲያው አኪም፣ የሊባኖሱ ዩዋኪም ሁሉም ያው ናቸው። የኦፔራው ሮሲኒ የመጀመሪያ ስሙ ጆአኪኖ ነበር። «ጆከር» የተባለው ፊልም ተዋናይ ሆአኪን ፊኒክስም ይህንኑ ስም ይዟል። ስለዚህ «ስምህ ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ከገጠማችሁ መልሱ እዚያው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ስፔን የሞላው ስም ልደታ የሚባል ሰፈር ባላት ከተማ ለምን ብርቅ ሆነ? እኔ ዋነኛ ምክንያት የምለው ይህ ነው፤ በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የማርያምን ስም ራሱን ይይዛል። ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ማርያም፣ ተክለ ማርያም የሚባል ወንድ በየቤቱ አለ። ወንዱን ከማርያም ጋር ለማቆራኘት የሚፈልግ ቤተሰብ በአባቷ በኩል መዞር አያስፈልገውም፤ በቀጥታ በእሷ ይሰይመዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከትውልድ ቆጠራው ጋር ይያያዛል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመውም ይኸው ነው። በእኛ ትውፊት የማርያም ዘር የሚቆጠረው በእናቶች ነው። ጴጥሪቃና ቴክታ የሚባሉ መካን ባለጸጎች ነበሩ። ነጭ ጥጃ ጥጃ ስትወልድ፣ የጥጃዋም ጥጃ እየወለደች ስትሄድ፣ በመጨረሻ ጨረቃ ስትወለድና ጨረቃዋ ፀሐይን ስትወልድ በሕልም ያያሉ። ከዚያ በኋላ ሴት ልጅ ሴት ልጅ እየወለደች ትውልዱ እስከ ሄርሜላ፣ ከሄርሜላም እስከ ሐና ይወርዳል። ጨረቃዋ ማርያም፣ ፀሐዩ ልጇ ነው። ኢያቄም ከነገደ ይሁዳ፣ ከዳዊት ቤት ነው፤ በዚህ ቆጠራ ውስጥ ግን የሚገባው እንደ አማች ነው። ባለ ታሪኳ ሐና ናት። የራሷ ገድልም አላት፤ እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ በ1900 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ከተአምረ ማርያም ጋር ከነሥዕሉ አሳትሞታል። ያሳተመውም ሌዲ ሚዩ ከሰበሰበቻቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች ነበር። ሌዲ ሚዩ በ1910 እ.ኤ.አ. ስትሞት ብራናዎቹ ለዐፄ ምኒልክ እንዲሰጡ ተናዛ ነበር፤ ኑዛዜው ግን አልተፈጸመም። ለንደን ለምትኖሩት ልታውቁት የሚገባ ነገር ነው።

ፕሮቴስታንት ወላጆችም ለልጆቻቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ይወዳሉ፤ ናትናኤል፣ ናሆም፣ ኤርሚያስ በየሰፈሩ አሉ። በእነሱ መጽሐፍ ቅዱስ 66 መጻሕፍት ውስጥ ግን ጎልቶ የሚታየው ክርታስ አቃጣዩ ንጉሥ ስለሆነ ስሙ ወደ እነሱ ቤት የሚገባበት በር ጠባብ ነው። ወር በገባ በ11ም ኢያቄም ብቻውን አይደለም፤ ዕለቱ የዜማው ሊቅ የቅዱስ ያሬድ መታሰቢያም ነው። በዕለቱ ለተወለደ ወንድ ልጅ ስም የሚፈልግ ሰው ያሬድን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ብርቅ መሆኑ ጉድለት አይመስለኝም። ሃያ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ሦስት ናትናኤል ካለ፣ ኢያቄም የተባለው ልጅ ሲጠራ ማን እንደተጠራ ይታወቃል። ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ለስፓኒሽም ለአረብኛም ተናጋሪ ዘመድ ነው።

ስሙን ለልጃችሁ ልታወጡ ካሰባችሁ ሁለት ነገር አስቡበት። በፊደል ስትጽፉት ኢያቄም በሉት፤ ኢዮአቄም የንጉሡ አጻጻፍ ነው። በላቲን ስትጽፉት ደግሞ «ቄ»ን በኪው ወይም በኬ መጻፍ የእናንተ ምርጫ ነው። የመረጣችሁት ግን በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በፓስፖርቱና በትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያው (በቢጫ ካርዱ) ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንድ ፊደል ስትለያይ ሰውየው ራሱ መሆኑን ለማስረዳት ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ይመጣል። የመታሰቢያ ቀናቸውን ማወቅ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ የሐና ዕረፍት ኅዳር 11፣ የኢያቄም ሚያዝያ 7 ይታሰባል፤ በውጭው አቆጣጠር ኖቬምበር 20 እና ኤፕሪል 15 ማለት ነው።