የአሮጌ ፎቅ ቤት እድሳትና የኖራ ባሕርይ

እንደ አራዳ ባሉ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች፣ በአሮጌ ፎቅ ውስጥ ያለ መኖሪያውን ለማደስ የተነሣ ሰው፣ ከቀለሙና ከወለሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ግድግዳው በምን እንደ ተያያዘ ነው፤ የእድሳቱ ምስጢር ሁሉ ከዚያ ይጀምራልና። ሲሚንቶ እንደ ዛሬው ሳይበዛ በድንጋይና በጡብ በተሠሩ ብዙ ቤቶች፣ ግንቡን ያያያዘውም ልስን የሆነውም ኖራ ነው፤ በጎንደር የዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ግንብም ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው።

የኖራ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል በውስጡ የታሰረው የካርቦን አየር ይወጣና ጥሬው ኖራ ይቀራል፤ ይህም ውሃ በፈሰሰበት ጊዜ ያለ እሳት እየፈላ ይበርዳል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በግንብ ላይ ከተለሰነም በኋላ፣ በእሳት ያጣውን ያንኑ አየር ከከባቢው ጥቂት በጥቂት እየሳበ፣ በብዙ ወራት ወደ ጥንተ ተፈጥሮው ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

የኖራ ልስን ባሕርዩ ለስላሳና እስትንፋስ ያለው ስለ ሆነ፣ ወደ ግንቡ የገባ እርጥበት በእርሱ በኩል ወጥቶ ይደርቃል። በላዩ የሲሚንቶ ልስን ወይም የዘይት ቀለም የተደረበበት እንደ ሆነ ግን፣ መውጫ ያጣው እርጥበት ከውስጥ ተጠራቅሞ ጨው ያወጣል፣ ልስኑን ያሳብጣል፣ በመጨረሻም ጡቡን ራሱን ይበላዋል፤ ባለቤቱም ያጸናሁት ሲመስለው ያፈርሰዋል።

ስለዚህ ብልኅ ለሳኝ አስቀድሞ የሚያፈሰውን ቧንቧና የጣሪያውን አሸንዳ ያስጠግናል፤ ከዚያም ልስኑን በመዶሻ እጀታ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ የጸናውን ይተወዋል፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ብቻ ያነሣል፤ ግንቡን በውሃ አርሶም ኖራውን በስስ በስሱ ይደርባል፣ ፀሐይም ፈጥኖ እንዳያደርቀው ይከልለዋል። ጥሬ ኖራ ዓይንን የሚያቃጥል ነውና መከላከያ ሳያደርግ አይነካውም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ በፎቅ ቤት የአንዱ ግድግዳ የሌላው ምሰሶ ነውና፣ መሐንዲስ ሳይመረምረው ምንም ግድግዳ አይፍረስ። አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን ስታድስ ከበላይህና ከበታችህ የሚኖሩትን አስብ፤ የቀደሙት ግንበኞች በትዕግሥት ያቆሙትንም በጥድፊያ አታፍርስ።